ሰንሰለት ይበቃል ወይ ላልከው ወንድሜ

ትናንት ማታ «ሀዋሳ ላይ ያገለገለ 15 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ገዝቻለሁ፤ ሌሊት ሐይቁ ዳር ጀልባው ላይ ነው የሚያድረው፤ ሰንሰለት ይበቃል?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሥር የተሰጡህን መልሶች አየኋቸው። አንዱ ውሻ ግዛ አለህ፣ ሁለቱ ሳቁብህ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ፤ እንግዳ ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል አመላልሳለሁ፤ ልክ እንዳንተው ያለ ሞተር አሰርቄ አውቃለሁ። ሐይቃችን ቢለያይም ሌባው ያው ሌባ ነው፤ እና ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ።

1ኛ፦ ሰንሰለቱን እርሳው። ሰንሰለት የሚያስረው ጀልባውን ነው። ጀልባህን ወስዶ የት ይደብቀዋል? ቀለሙን አገር ያውቀዋል። ሞተሩ ግን በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ባጃጅ ላይ ከተጫነ አለቀ።

2ኛ፦ ሞተሩን ከኋላው ጣውላ ጋር እንደ ሞርሳ ነክሰው የሚይዙትን ሁለት ብሎኖች ቆልፋቸው። እጀታዎቻቸው ጫፍ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ወደ መሐል አዙረህ አንድ ወፍራም ጓጉንቸር ብታስገባባቸው አይፈቱም። ይኼን ሁሉም ይነግርሃል። እኔም አድርጌው ነበር፤ ለዚያውም ርካሹን ጓጉንቸር አይደለም የገዛሁት።

2011 ዓ.ም.፣ የከተራ ዕለት ነው። ከተማው በእንግዳ ጢም ብሎ ቀኑን ሙሉ ስንመላለስ ውለን፣ ማታ ጀልባዋን አስጠግቼ፣ ቆልፌ፣ ጓጉንቸሩን ሁለት ጊዜ ጎትቼ አይቼ ወደ ታቦቱ ማደሪያ ሄድኩ። ዘበኛችንም ሄዷል። አልፈርድበትም፤ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ታቦት ወጥቶ ሲያድር ጀልባ ጠብቅ ልለው ነው? ጠዋት ቤንዚን ልሞላ ስወርድ ጀልባዋ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሕፃን መስላ ጠበቀችኝ። ጓጉንቸሩን ንክች አላደረጉትም። ሞተሩ የተቀመጠበትን ጣውላ ግራና ቀኙን በመጋዝ ቆርጠው፣ ሞተሩን ከነጣውላው፣ ከነጓጉንቸሬ አንሥተውት ሄደዋል። ወለሉ ላይ የመጋዙ ብናኝ ጤዛ ጠጥቶ ተጋግሯል። ከተማው በከበሮና በእልልታ ሲያድር የመጋዝ ድምፅ ማን ይሰማል?

በየብስ በኩል ደግሞ የሰው ዱካ የሚባል የለም። ጭቃው ላይ የታንኳ ሆድ የጎተተው መስመርና የተበጣጠሰ ደንገል ነው ያለው። (ባለ ታንኳ ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከዘጌ እንጨት አምጥቶ ሸጦ የሚያድረው ምስኪን ምን አደረገ?) እኛ ግን አጥሩንም፣ ዘበኛውንም፣ መብራቱንም በመንገዱ በኩል አድርገን ቁጭ ብለናል። ሌባው የመጣው በውሃ በኩል ነው። አንተም መብራትህን ወደ ሐይቁ አዙር። አሞራ ገደል አካባቢ ከሆንክ ደግሞ ሌሊት መረብ የሚጥሉትን ልጆች ተወዳጃቸው፤ ከአንድ ዘበኛ ይሻሉሃል።

ስለዚህ 2ኛውን እንዲህ አስተካክለው፦ ጣውላውን ከውስጥም ከውጭም በወፍራም ላሜራ አስለብሰው፣ በአራት ብሎን አሳልፈህ እሰረው፣ ዳዶዎቹን በብየዳ አስነካቸው። የሞተሩን እጀታዎች ግን እንዳታስበይድ! ይኼን የሚመክር ሰው አይጠፋም። ሞተሩ የተበላሸ ቀን ሐይቅ ዳር ቆመህ በግራይንደር ስትቆርጥ ታለቅሳለህ።

3ኛ፦ አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ይኼን እንዳትረሳ። የሞተሩ ቁጥር።

ሞተሬ ከ4 ወር በኋላ ተገኘ። አዎ፣ ተገኘ! አንድ የማውቀው መካኒክ ደውሎ «ሌላ ከተማ ፖሊስ ከአንድ ቤት ዕቃ ይዟል፤ መሐሉ ላይ ያንተን የሚመስል ሞተር አይቻለሁ» አለኝ። በዚያው ሌሊት አልተኛሁም። ጣቢያው ጓሮ ውስጥ ከተሰባበሩ ሞተር ሳይክሎች መሐል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የማስነሻ ገመዱ እጀታ ተሰብሮ ስለነበር እኔው ከወይራ ቀርጬ የሠራሁለት ነው፤ አውራ ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ በላቤ ጠቁሯል። በሩቁ አወቅሁት።

መርማሪው ውሌን ተቀብሎ አነበበ፣ ሄዶ ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለና ተመለሰ። «ቁጥሩ አይገናኝም።»

እንዴት አይገናኝም? ሞተሩን ስገዛ ውሉን የጻፍነው ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነው፤ ሰሌዳውን ያነበበልን ደላላው። ሰሌዳው ላይ ከአንድ በላይ ጽሑፍ አለ። አንደኛው የሞዴሉ ኮድ ነው፤ ከአንድ ዓይነት የተሠሩ ሞተሮች ሁሉ ይጋሩታል። ሌላው ሴሪያል ቁጥሩ ነው፤ ያንተ ሞተር ብቻ ያለው። ደላላው ያነበበው ሞዴሉን ነው፣ እኔም የፈረምኩት እሱ ላይ ነው። መኪና ገዝቶ ውሉ ላይ «ነጭ ቶዮታ» ብሎ እንደመፈረም ማለት ነው። 68 ሺህ ብር ቆጥሬ የሰጠሁበት ወረቀት!

ስለ እጀታው ነገርኩት። «ወይራ ማንም ይቀርጻል» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ፦ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና፣ ፋይሉ ዐቃቤ ሕግ ጋ ነው፣ ሰኞ ና። ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «አንተስ ከማን እንደገዛኸው በምን እናውቃለን?» አይለኝም! ባለንብረት ሆኜ ገብቼ ተጠርጣሪ ሆኜ ልወጣ ነበር።

ያዳነኝ የመጀመሪያው ሻጭ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ስልኩን ቀይሯል፤ በአክስቱ በኩል አፈላልጌ አገኘሁት። የጉምሩኩን ዲክላራሲዮን አልጣለውም፤ ሴሪያሉ እዚያ ላይ አለ። ትራንስፖርቱን፣ አልጋውን፣ ምግቡን ችዬ አምጥቼ አስመሰከርኩት። ሞተሩ የተለቀቀልኝ ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱን በሙሉ ጓሮ ውስጥ ዝናብ ወርዶበታል፤ ካንዴላውን (ሲሊንደሩ አናት ላይ ተጠምዶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ደግሞ አንዱ ነቅሎ ወስዶታል። በዚያ ቀዳዳ ውሃ ገብቶ ሲሊንደሩ ዝጓል፣ ፒስተኑ ተጣብቋል። ለማደስ የሞተሩን ዋጋ ሲሶ አወጣሁ። ሌባው እንኳ እንዲህ አላደረገውም፤ እሱስ ሸራ አልብሶት ነበር አሉ።

እና ዛሬውኑ ሂድና ሰሌዳውን በደንብ ጠርገህ ፎቶ አንሣ። ሻጩን ይዘህ ውልና ማስረጃ ሂድ፣ ሴሪያሉ በፊደልም በቁጥርም ይግባ፣ የዲክላራሲዮኑን ኮፒ ተቀበል። ሰሌዳ ይፋቃል፤ ስለዚህ ክዳኑን ከፍተህ ውስጥ፣ አንተና መካኒክህ ብቻ የምታውቁት ቦታ ላይ የራስህን ምልክት አስመታ። እሱንም ፎቶ አንሣው።

ስንተኛው ላይ ነበርኩ? 4ኛ። እኔ አሁን ሞተሬን ውሃ ዳር አላሳድርም። 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከረዳቴ ጋር አንሥተን በጋሪ ቤት ይገባል። ስትሸከሙት የሞተሩ ራስ ፕሮፔለሩ ካለበት ከእግሩ ከፍ ይበል፤ ከተዘቀዘቀ በውስጡ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይሄዳል። የማኅበራችን ልጆች «ሞተር አቅፎ የሚያድር» እያሉ ይስቁብኛል፤ ባለቤቴ የቤንዚኑን ሽታ አልወደደችውም፤ እውነቷን ነው፣ ከማድ ቤት አርቀህ አስቀምጠው፣ ታኒካውንም ውጭ ተወው። «40 ፈረስ ጉልበት ግዛ» የሚሉህ ደግሞ ይኖራሉ። እርግጥ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ 15 የተባለው 15 አይገፋም፤ የናንተም ሐይቅ ቢሆን ያን ያህል ዝቅ አይልም። ግን ባለ 40ውን ማን ተሸክሞ ያስገባልሃል?

የግድ ማደር ካለበት ደግሞ የእኔን ብረት አሠራ። አንድ ክንድ የሚያህል ወፍራም የአራት ማዕዘን ቱቦ ብረት፣ በአንድ ጎኑ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ። ሁለቱን እጀታዎች ወደ መሐል አዙረህ ቱቦውን በላያቸው ታንሸራትተዋለህ፤ ጓጉንቸሩ ጫፉ ላይ ቱቦው ውስጥ ይሸሸጋል፣ ሴጌቶ አይደርስበትም። ውጭ አገር ተሠርቶ የሚሸጥ አለ፤ የእኔን ግን የሰፈራችን በያጅ በግማሽ ቀን ነው የሠራው። እነዚያው የሚስቁብኝ ልጆች ዛሬ አሥራ አንዱ አሠርተዋል፤ አንድም አመሰግናለሁ ያለኝ የለም።

ፕሮፔለሩንም ይፈቱታል፤ አንድ ፒንና አንድ ዳዶ ነው የያዘው፣ በፒንሳ ያልቃል። ያደረ ቀን ፈትተህ ይዘኸው ግባ።

የሰሌዳው ጽሑፍ የትኛው ሞዴል፣ የትኛው ሴሪያል እንደሆነ ከተምታታብህ ፎቶውን በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አይቼ እነግርሃለሁ። እዚህ ግን እንዳትለጥፈው።