ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ኮሌጅ ለመጀመሪያ ዓመት የፎቶግራፍ ተማሪዎች ያዘጋጀውን የኮርስ ዕቅድ «እስቲ እይልን» ብሎ ላከልኝ። አራት ገጽ ነው። «በኮርሱ መጨረሻ ተማሪው» ብሎ ይጀምርና ይዘረዝራል፤ የካሜራን ክፍሎች ይለያል፣ አፐርቸርንና (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ) ሹተርን (ብርሃኑ የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነውን መከለያ) ያስረዳል፣ ሃያ ፎቶ ያለበት ፖርትፎሊዮ ያቀርባል። ክፉ የለውም። ከአርባ ዓመት በላይ ካሜራ አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩ ሰው ነኝና ግን አንድ መስመር ጎደለብኝ። ጨምሬ መለስኩላቸው፤ «በኮርሱ መጨረሻ ተማሪው ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚወጣ ያውቃል።» ይቀበሉት አይቀበሉት እንጃ። እናንተ ግን ስሙኝ።

እኛ ስንማር ስክሪን የሚባል ነገር የለም። ያለን 36 ፎቶ የሚያነሳ አንድ ፊልም ነው፤ እሱንም ተዋጥተን ነበር የምንገዛው። አንስተን፣ ጨርሰን፣ አሳጥበን ነው ጉዳችንን የምናየው። ስለዚህ ፎቶውን አስቀድመን ጭንቅላታችን ውስጥ ማጠብ ነበረብን። ከእኛ የቀደሙትማ ይብስባቸው ነበር። ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት የነበራቸውን አርመኖቹን ቦያጂያኖችን አስቡ። አባትየው ቤድሮስ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጁ ቶኒ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። ንጉሥን «ጃንሆይ፣ ተበላሽቷልና አንዴ ይድገሙልኝ» ማለት ይቻላል?

ያንን ዘመን እያሞካሸሁ እንዳይመስላችሁ። አንዴ የሰርግ ሥራ ይዤ ነበር። ቬሎው፣ ሚዜው፣ የአያት ምርቃቱ፣ ሁሉንም አነሳሁ። ቆጣሪው 36ን አልፎ 37፣ 38 ሲል «ዛሬስ ፊልሙ በረከት አለው» ብዬ ደስ አለኝ። 40 ሲል ወገቤ ቀዘቀዘ። ፊልሙ ከጅምሩ የካሜራውን መሳቢያ ጥርስ አልያዘም። ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነበር የምጫነው። ፊልም ሲሳብ በግራ በኩል ያለችው መጠቅለያ አብራ መዞር አለባት፤ እሷን ዞር ብዬ አላየሁም። መልስ ዕለት ሙሽራዋን እንደገና ቬሎ አስለብሼ አነሳኋት። ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል። ያ ፎቶ እስከዛሬ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ እኔን ነው የሚያሙኝ፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ስክሪን በመኖሩ ደስ ይበላችሁ። ችግሩ ማሰቡን ለሱ መተዋችሁ ነው። የማያቸው ልጆች ጫን፣ ጎንበስ፤ ጫን፣ ጎንበስ። ጎንበስ ሲሉ ዋናው ነገር ያመልጣቸዋል። በመጀመሪያው ወር ስክሪኑን በፕላስተር ሸፍኑት። ከመጫናችሁ በፊት «ፊቷ ይጨልማል፣ ጀርባዋ ያለው ግድግዳ ይነጣል» ብላችሁ ገምቱ። ማታ ቤት ስትገቡ ፕላስተሩን አንሱና ግምታችሁን ከፎቶው ጋር አስተያዩ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ትስታላችሁ። እያደር እየቀነሰ ይሄዳል።

«ቁጥሩ ይከብደኛል» የምትሉ አላችሁ። ብዙ አይደለም። ሹተሩን ከ1/125 ሰከንድ ወደ 1/60 ስታወርዱት ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል። አፐርቸሩን ከኤፍ 8 ወደ ኤፍ 5.6 ስትከፍቱትም እንደዚያው። ይህን እጥፍ ነው አንድ ስቶፕ የምንለው። (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው የሚሰፋው ነገር ሁሉንም ሰው ያደናግራል፤ ሁለት ሳምንት ታገሱት።) ጥርት ባለ ፀሐይ አፐርቸሩን ኤፍ 16 አድርጉና ሹተሩን ከአይኤስኦው (ፊልሙ ወይም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት ቁጥር) ጋር አቀራርቡት፤ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/125። ድሮ የፊልም ካርቶን ላይ የሚታተም መመሪያ ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

እኔ ግን ከዚህ አልፋችሁ ካሜራው የት ላይ እንደሚሳሳት እንድታውቁ ነው የምፈልገው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ የተሠራ ነው። ለጥምቀት ጃንሜዳ ሂዱ። ነጭ በነጭ የለበሱ እናቶች ከፊታችሁ ቆመዋል። ካሜራው «ኧረ ይሄ በዛ!» ይልና ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይመስላል፤ የእናትየዋ ፊት ከሰል። ልጃቸው ፎቶውን አይቶ «እናቴ እንዲህ ናት እንዴ?» ይላችኋል። መፍትሔው አንድ ስቶፕ መጨመር ነው። ወይም መዳፋችሁን እሳቸው ላይ ባረፈው ብርሃን ውስጥ ዘርግታችሁ ለኩና ከዚያ አንድ ስቶፕ ክፈቱ። መዳፍ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ቤት ረስታችሁት አትመጡም። የነጠላው ሽመና እስኪጠፋ ድረስ ግን አትጨምሩ። ጨለም ያለ ጎጆ ውስጥ ቡና የምታፈላ ሴት ስታነሱ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ካሜራው ጨለማውን ሁሉ ግራጫ ላድርግ ሲል ፊቷን ያነጣዋል፤ እዚያ ትቀንሳላችሁ።

የእኛ መልክ በፎቶ መበላሸት የቆየ ነገር ነው። የፊልም ኩባንያው ኮዳክ ለማጠቢያ ቤቶች ቀለም ማስተካከያ እያለ የሚልከው ካርድ ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉታል። ለብዙ ዓመታት ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። እሷ ካማረች ቀለሙ ልክ ነው፤ በቃ። ዛሬ ካሜራው ተሻሽሏል። ስለዚህ ሰው «ፊቴ ጠቆረ» ሲላችሁ በማሽኑ አታመካኙ።

ስለ ብርሃንም ትንሽ ልበል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆምና የሰውን ዓይን ጉድጓድ ታደርገዋለች። ያን ሰዓት ሰውየውን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ጥላ ሳቡት፤ ከፊቱ ነጭ ግድግዳ ካለ እሰየው፣ ከሌለ አንሶላ ዘርጉ። ከጠዋቱ አንድና ሁለት ሰዓት፣ ከማታው ደግሞ አስር ተኩል በኋላ ያለው ብርሃን ይለሰልሳል። ግን ቶሎ ያልፋል፤ ፀሐይ እዚህ አገር ስትጠልቅ ዓይን አታሽም። ክረምትን «የፎቶ ወቅት አይደለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። ደመናው ሰማይ ያህል የተዘረጋ ማለስለሻ ነው፤ እኔ ከሚወደዱልኝ የሰው ፎቶዎች ግማሹን ያነሳሁት በሐምሌና በነሐሴ ነው።

ስለ ካሜራ ግዢ እምብዛም አልልም። ያላችሁ ስልክ ከሆነ በስልክ ጀምሩ። ገንዘብ ካገኛችሁ ያገለገለ ካሜራና አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ዙም አትፈልጉ፤ እግር አላችሁ። ሥዕልም እዩ። ፎቶ አንሺው ሚካኤል ፀጋዬ ሥዕል ተመርቆ የዘይት ቀለሙ አለርጂ ስለሆነበት ነው ወደ ካሜራ የዞረው፤ ዓይኑ ግን አብሮት መጣ።

ክፍል ውስጥ ፎቶ ለግምገማ ሲቀርብ «ቆንጆ ነው» የሚለውን ቃል አግዱት። የት እንዳነሳችሁ፣ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ለምን ከሦስት መቶው ይህን እንደመረጣችሁ ተናገሩ። የጓደኛችሁንም እንደዚያው ጠይቁ። መጀመሪያ ላይ ይከፋፋችኋል። ችግር የለም።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደው ልግባ። ፎቶው ምን እንደሚመስል መገመት አንድ ነገር ነው። ምን እንደሚያደርግ መገመት ሌላ ነው። በ1977 ዓ.ም. ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረፀው ረሃብ ዓለምን አስነሳ፤ እህል መጣ፣ ብዙ ነፍስ ተረፈ። እኔ ያንን ሥራ አላጣጥልም። ግን የእኛ መልክ በውጭ ሰው ዓይን ለዓመታት እዚያው ቀረ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ይዛችሁ ሥሩ። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ስትጀምር ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፤ የእኛ ልጆች ፎቶ ከሌላው ዓለም ጎን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።

የእያንዳንዱን ፎቶ ማን፣ የትና መቼ በዚያው ቀን ጻፉ። የድሮ ሰዎች ጉርድ ፎቶ ሲሰጣጡ እንኳ ጀርባው ላይ «ለማስታወሻ» ብለው ቀን ያሰፍሩ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሰው የድሮ ፎቶውን አገላብጦ «ይሄ የትኛው ቤት ነው?» ሲል ነበር። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

ስም መጠየቅን የተማርኩት እንጦጦ ላይ ነው። ወጣት ሆኜ አንዲት እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴትዮ አነሳሁ። ሸክሙ ከሳቸው ይበልጣል፤ የማታ ፀሐይ ከኋላ መትቶታል፤ ፎቶው ገና ሳልጫነው ታየኝ። ቀና ሳይሉ «ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሳቅ አልኩና ሄድኩ።

ነገሩ ከነከነኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶውን አሳጥቤ እዚያው መንገድ ላይ ጠበቅኩ። ስማቸውን ስላልጠየቅኩ የሚያልፉትን ሴቶች እያስቆምኩ ፎቶውን ማሳየት ጀመርኩ። ያነሳሁት ከጀርባ ነበርና የሚታየው እንጨትና እግር ብቻ ነው። አንዷ አየችና ሳቀች፤ «ይሄ እንጨት ነው እንጂ ሰው መቼ ነው?» ሌሎቹም ተቀባብለው ሳቁብኝ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ እግር ሴት ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። አንደኛው የፕላስቲክ ጫማ በሽቦ የተሰፋ ነበር። «የሳቸው ነው፤ አደርስላቸዋለሁ» አለችና መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ስማቸውን ያኔ ጠይቄያት ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።