«ከፈረቃ ሲመለስ አያናግረኝም»

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ አምቡላንስ ላይ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ 6 ዓመቱ ነው። ከ4 ወር በፊት ከመኪና አደጋ ያነሣው ሕፃን ሆስፒታል ሳይደርስ እጁ ላይ ሞተበት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ሌሊት ባንኖ ይነሣል፣ ማታ ማታ ይጠጣል፣ የ5 ዓመት ልጃችንን ማቀፍ ትቷል። «ምን ሆነሃል? ንገረኝ» ስለው ይቆጣል። ጠልቶኝ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት ልጁን ማቀፍ መተዉን ነው። የሞተው ሕፃን ስንት ዓመቱ እንደነበር አልጻፍሽልኝም፤ የልጃችሁ እኩያ ከሆነ ግን አይገርመኝም። የራሱን ልጅ ሲያቅፍ ክንዱ ላይ የሚሰማው የዚያኛው ክብደት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ አባት የሚሸሸው ልጁን ሳይሆን ትዝታውን ነው። አንቺንም የጠላሽ አይመስለኝም።

ሥራው ምን እንደሚጠይቀው አስቢ። ስልክ በተደወለ ቁጥር ሰውነቱ አድሬናሊን የሚባለውን የድንጋጤ ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ሐዘንና ፍርሃት ወደ ጎን ይገፋሉ። መገፋትም አለባቸው፤ እያለቀሱ የሚፈስ ደም ማቆም አይቻልም። ችግሩ የተገፋው ሐዘን ጊዜ ጠብቆ መምጣቱ ነው። ሰውነቱም ፈረቃው ማለቁን ቶሎ አይቀበልም። የጅቡቲ ከባድ መኪና ሌት ተቀን በሚያልፍባት ከተማ፣ ሌሊት ፍሬን ሲጮህ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ወደ አደጋው ቦታ ይመለሳል።

«ወንድ ልጅ ሆዱ ይችላል» የሚሉ ዘመዶች ይኖራሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ብዙ ሰው ሕክምና ሳያገኝ የቀረው በዚህ አባባል ነው። ቅዠት፣ መባነን፣ ትዝታን መሸሽና ቁጣ ከ1 ወር በላይ ከቆዩ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም መሆን አለመሆኑ መመርመር አለበት። የእሱ 4 ወር ሆኖታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሚመክራቸው ትዝታውን በባለሙያ እገዛ ቀስ በቀስ የሚያክሙ የንግግር ሕክምናዎች አሉ። በከተማችሁ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል ካለ ከዚያ ጀምሩ። ጠበል ልሂድ ካለ አትከልክዪው፤ ሕክምናውን ግን አያቋርጥ። የእንቅልፍ ኪኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ እንዳይጀምር። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፉ ከሰማሽ ብቻውን አትተዪው፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይዘሽው ሂጂ።

መጠጡ ቶሎ ያስተኛዋል፣ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ይህን ሰክሮ ሲገባ አትንገሪው፤ ጠዋት ላይ፣ ሳትወቅሺ።

«ንገረኝ» የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ያየውን ለአንቺ መንገር አንቺንም እዚያ አደጋ ላይ ማቆም ሊመስለው ይችላል። ምናልባት መጀመሪያ የሚተነፍሰው አብሮት ለሚሠራ ባልደረባው ነው፤ አትቀየሚበት። ከፈረቃ ሲገባ ስለ ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳታነሺ ግማሽ ሰዓት ስጪው። ይታጠብ፣ የሥራ ልብሱን ይቀይር። ቡና አፍልተሽ አጠገቡ ተቀመጪ። «ዛሬ ከብዶህ ነበር? አሁን ባትነግረኝም እዚሁ ነኝ» ማለት ይበቃል። አንቺም ይህን ለብቻሽ አትሸከሚው፤ ለእናትሽ ወይም ለምታምኛት እህትሽ የሆድሽን ንገሪያት።

ልጃችሁን «አባባ ሥራ ላይ አዝኖ ነው፤ አንተ ምንም አላጠፋህም» በዪው። የ5 ዓመት ልጅ የአባቱን ዝምታ በራሱ ጥፋት ይተረጉመዋል። ባልሽንም «እቀፈው» አትበዪው። ጠዋት ከፈረቃ ነፃ በሆነ ቀን፣ ልጁን እጁን ይዞ ትምህርት ቤት እንዲያደርሰው ጠይቂው።