ሁለት ዓመት ለሚያንስባችሁ

«እትዬ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ተምሬ ምን ልሆን ነው? ዲግሪ ያለውስ ቤቱ ቁጭ ብሎ የለ?» አለችኝ የጎረቤቴ ልጅ። ላብራቶሪ ልትማር ኮሌጅ ለመመዝገብ አስባለች፤ ቤተሰቧ ግን አልወደደላትም። በሩ ላይ ቆመን አጭር መልስ ሰጠኋትና ገባሁ። የሁለት ዓመት ነገር ሲነሳ ግን አንዲት ጓደኛዬ ትመጣብኛለች፤ ቁጭቷ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስለዚህ ለልጅቷም ለእኩዮቿም ይህን ልጻፍ አልኩ።

በ1980ዎቹ የተማርነው የላብራቶሪ ዲፕሎማ ሁለት ዓመት ነበር። ከፒያሳ ተነስተን ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል አብረን እንወርዳለን። እሷ መንገዱን ሁሉ የቲቢ አክታ ምርመራውን ቀለም በቅደም ተከተል ትወጣዋለች፤ ካርቦል ፉክሲን፣ አሲድ አልኮል፣ ሜቲሊን ብሉ። ከዚያ እኔን ታስወጣኛለች። ከተሳሳትኩ እንደገና ከመጀመሪያው።

እጇን ብታዩት! የደም ጠብታዋን ስላይዱ ጫፍ ላይ ታሳርፋለች። ሁለተኛውን ስላይድ ዘንበል አድርጋ ወደ ጠብታው ትስበውና ደሙ ጠርዙን ይዞ እስኪዳረስ ትጠብቃለች። ከዚያ ሳትጫን፣ ሳትቆም፣ አንዴ ወደ ፊት። የእኛ ስሚር፣ ማለትም ስላይዱ ላይ የዘረጋነው ደም፣ ወይ ይወፍራል ወይ ይቆራረጣል፤ የእሷ ጫፉ ሳስቶ ሳስቶ ያልቃል። መምህራችን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ለሁላችንም ያሳዩን ነበር።

ሆስፒታል ፕራክቲካል ወጥተን ሳለ ከመተሐራ የመጣ የቀን ሠራተኛ ደም ተሰጠን። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ አይራባባትም፤ በሽተኞቻችን ከቆላ የሚመጡ ናቸው። የምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ስላይዱ ታይቷል፣ «ኔጋቲቭ» ተብሎ ሊጻፍ ነው። እሷ ግን «ወፍራሙ የደም ስሚር ላይ መቶ እይታ ሳይታይ ኔጋቲቭ አይባልም ተብለን የለ?» አለችና ማይክሮስኮፑ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ማይክሮስኮፑ በአንዴ የሚያሳየውን ቦታ አንድ እይታ እያለች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ትቆጥራለች። ሌሎቻችን ጋውናችንን አውልቀን በር ላይ ቆመናል። ሰባዎቹን ካለፈች በኋላ ድምፅዋ ቆመ። ጠርታ አሳየችኝ፤ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች፣ መሃሏ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት የወባ ተህዋስ፣ ጋሜቶሳይት የምንላት። በሜታኖል ስላይዱ ላይ እንዲጸና የተደረገውን ስሱን ስሚር ደግሞ አይታ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠች። ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሌላው ዓይነት ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል፣ ፋልሲፓረም ግን ካልተደረሰበት በቶሎ ይገድላል፤ ሕክምናውም ለየቅል ነው። ያ ሰውዬ በዚያን ቀን መድኃኒቱን ጀመረ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ትምህርት ቤት መምጣት አቆመች። አጎቷ «ሁለት ዓመትም ትምህርት ሆኖ! የሰው ሰገራ ስታዪ ልትኖሪ ነው?» ብለዋታል። መርካቶ ካለው ሱቃቸው ሂሳብ እንድትይዝ፣ በማታ ደግሞ ዲግሪ ሊያስተምሯት ቃል ገብተውላታል። ቤቷ ሄጄ ለመንኳት። እናቷ ቡና አፈሉልኝ፤ ስለ ትምህርቱ ግን አንድም ቃል አልወጣቸውም። ከመመረቂያችን የቀረው ጥቂት ወር ነበር። የማታው ዲግሪም ሳይጀመር ቀረ።

ከዓመታት በኋላ ትኩሳት የያዘው ልጇን አቅፋ እኔ የምሠራበት ላብራቶሪ መስኮት ላይ መጣች። ውጤቱን ስሰጣት ወረቀቱን ሳታይ «መቶ እይታ አይተሻል?» አለችኝ። አይቻለሁ አልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ ብቻ ነው ያወራነው።

የሚቆጨኝ ያ እጅ ነው። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ያድን፣ ስንቱን ያስተምር ነበር።

እኔ በዚያች ዲፕሎማ ለረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ። የኤች አይ ቪን ዘመንም ያሳለፍኩት በእሷ ነው። ነፃው መድኃኒት በ1997 ዓ.ም ሳይጀመር በፊት ውጤቱን ጽፈን የምንሰጠው ተስፋ ሳይኖረን ነበር። ኮሪደሩ ላይ በየወንበሩ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ በራችን በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። «ሲስተር» ይሉኛል፤ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ለበሽተኛ ሲስተር ናት። ስንት ዓመት ተምረሽ ነው ያለኝ ግን የለም።

የዛሬ ልጆች መጀመሪያ የምትጠይቁት ደመወዙን ነው። የቤት ኪራዩን ስለማውቅ አልፈርድባችሁም። ግን አንድ ስላይድ ላይ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ያቃተው በዝቶብኛል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲጮህ በጓንቱ ያወጣዋል፤ ያ ጓንት አክታ ነክቷል! ይሄን ሳይ እቆጣለሁ፣ መቆጣቴንም አልተውም። ደግሞ አንድ ነገር አደንቅላችኋለሁ፤ መምህር ሲሳሳት ትናገራላችሁ። እኛ አንደፍርም ነበር።

ዲግሪ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እኔም ሥራ ላይ እያለሁ ፖስት ቤዚክ፣ ዲፕሎማ ይዘው ለሚሠሩ የሚሰጠው የዲግሪ ትምህርት፣ ገብቼ ይዣለሁ፤ ያለ እሱ ኃላፊነትም እድገትም አላገኝም ነበር። ሁለት ዓመቱን ሳወድስ ቆይቼ ይህን መናገሬ የሚጋጭ ከመሰላችሁ ይጋጭ፤ በሁለቱም አልፌባቸዋለሁ። የተቀበሉኝ ግን ያለቀ ዲፕሎማና የሥራ ልምድ ይዤ ስለሄድኩ ነው።

ስለ ሲኦሲው፣ ስለ ብቃት ምዘና ፈተናው ማለቴ ነው፣ እና ስለ ሙያ ፈቃዱ አልነግራችሁም፤ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አንቺ ግን ልጄ፣ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ኮሌጁ ለላብራቶሪ ትምህርት ፈቃድ እንዳለው፣ ፈቃዱም ለዚያው ካምፓስ መሆኑን አጣሪ። ከዚያ የተማሪዎቹን ላብራቶሪ አሳዩኝ በያቸው። ማይክሮስኮፖቹን ቁጠሪ፣ አንዱ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ጠይቂ፣ መብራታቸውን አብሪና መቶ እጥፍ በሚያጎላው ሌንስ እዪበት። ፕራክቲካል የሚልኩት የት ሆስፒታል እንደሆነና ለስንት ሳምንት እንደሆነም ይንገሩሽ። ቁልፉ የለም፣ ኃላፊው አልገባም ካሉሽ ሌላ ኮሌጅ እንፈልጋለን። ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ለእናትሽም እኔው አስረዳቸዋለሁ።