መልስ፦ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከጥር 23 ውጭ ምን ይሠራል?

ጠያቂያችን፣ ማኅበሩ በየዓመቱ ጥር 23 በአዊ ዞን እንጅባራ ከተማ ላይ የፈረሰኞች በዓሉን ካከበረ በኋላ ሥራ ይኖረው እንደሆነ ጠይቀዋል። አለው፤ እኔ እንዲያውም ዋናው እሱ ነው እላለሁ። በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓድዋን ድልና የዘማች ፈረሶችን ውለታ ለማሰብ ነበር፤ እስከ ዛሬ አጽንቶ ያቆየው ግን መረዳዳቱ ነው። የተጣሉ አባላትን ሽማግሌዎች ያስታርቃሉ፤ ችግር የገጠመውም ይደገፋል። አባል ሲሞት ደግሞ ፈረሰኞቹ ተሰብስበው ይሸኙታል። የሟቹ ፈረስ ኮርቻው እንደተጫነ፣ የሚቀመጥበት ሳይኖር በለቅሶተኛው መካከል ሲሳብ ማየት አንጀት ይበላል።

በበዓሉ ቀን ጉግሱ (በፈረስ ላይ ሆኖ የሚደረገው የፍልሚያ ጨዋታ) እና ሽምጡ (ፈጣኑ ግልቢያ) ዓይን ይስባል። ስግሪያውን ግን ችላ አይበሉት፤ ፈረሱ አካሄዱን ሳያዛባ በፍጥነት ሲሰግር ከላይ ያለው ሰው እምብዛም አይናወጥም። ይህ የዓመታት ልፋት ውጤት ነው።

ለመሄድ ካሰቡ ማደሪያ አስቀድመው ይያዙ፤ ከተማው ይጨናነቃል። ማለዳም ይውጡ። ፈረሶቹ ግላስ (የፈረስ ማስጌጫ ልብስ) ለብሰው፣ ልጓማቸው ተስተካክሎ ሲዘጋጁ ባለቤቶቹን ቀርበው ያነጋግሩ፤ ስለ ፈረሱ ጠባይ የጠየቃቸውን ሰው በደስታ ነው የሚያስተናግዱት።