መልስ፦ እርሾ የቡናን የሻጋታ ሽታ ሊለይ ይችላልን?

የተከበሩ ጠያቂ፣ የነፍሳት ሽታ ተቀባይ ፕሮቲን እንዲያመርት የተደረገ እርሾ፣ እዚህ ጅማ በጀንፈል ቡና ላይ የሚፈጠረውን የሻጋታ ሽታ ከቀማሽ ቀድሞ ሊለይ ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። በመርህ ደረጃ ይቻላል፤ መጋዘን ውስጥ የሚያገለግል መሣሪያ ማድረጉ ግን ገና ብዙ ድካም ይጠይቃል።

የእኛ አፍንጫ ተቀባይ መልእክቱን በሕዋሱ ውስጥ ባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች በኩል ሲያስተላልፍ፣ የነፍሳቱ ግን ኦርኮ ከተባለ አጋር ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ ራሱ የአዮን በር፣ ማለትም እንደ ካልሲየም ያሉ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ወደ ሕዋሱ የሚያልፉበት ቀዳዳ፣ እንደሚሆን በ2008 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ የነፍሳቱ ተቀባይና የኦርኮ ዘረመል ወደ እርሾው ከገባ፣ የሽታው ሞለኪውል ሲያርፍበት በሩ ተከፍቶ ካልሲየም ይገባል፤ ካልሲየም ሲያገኝ የሚያበራ ፕሮቲን አብሮ ካለም ሽታው በብርሃን ይነበባል።

ለእርስዎ ዓላማ እኔ የምመርጠው ኦአር56ኤ የተባለውን የፍሬ ዝንብ ሽታ ተቀባይ ነው። ዝንቧ ሻጋታ የያዘውን ምግብ የምትሸሸው በዚህ ተቀባይ ሲሆን፣ እርሱም የአፈርና የሻጋታ ሽታ የሚሰጠውን ጂኦስሚን ከሌሎች ሽታዎች ነጥሎ በሚያስደንቅ ጥራት ይለያል።

የሚያሳስበኝ፣ ተቀባዩ ወደ ሕዋሱ ሽፋን ሳይደርስ ውስጥ ተይዞ ሊቀር መቻሉና ጂኦስሚን እርሾው ባለበት ፈሳሽ በቀላሉ አለመሟሟቱ ነው። ኦርኮን ብቻ የያዘ እርሾ ለማነጻጸሪያ ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ግን፣ አደራዎን፣ የትኛውንም ብርሃን የሻጋታ ምልክት ነው ብለው አይመዝግቡ።