ስለ ጨረቃ ጠይቁኝ፦ መቼ ትወጣለች፣ መቼ ትገባለች?

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ሰፈራችን ውስጥ የጨረቃ ክርክር በዝቷል። አንዱ «ዛሬ ለምን አልወጣችም?» ይላል፤ ሌላው «ደመና ነው» ይለዋል። ደመና አይደለም ጎበዝ፣ ሰዓቷ ስላልደረሰ ነው። ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጠይቁኝ፣ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጨረቃ የሌሊት ናት ሲባል ነው ያደግነው። ትናንት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ልጆቼን ትምህርት ቤት ሳደርስ በቁስቋም በኩል ነጭ ሆና አየኋት። ምን ሆና ነው?

ምንም አልሆነች እትዬ። ጨረቃ ከአድማስ በላይ ከምትቆይበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ቀን ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ስለሚያደበዝዛትና ቀና ብሎ የሚያይ ስለሌለ ነው እንጂ። እርስዎ ያዩዋት ሙሉ ከሆነች ሦስት አራት ቀን ያለፋት ናት። ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትገባ ትወጣና ፀሐይ ስትወጣ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ እየዘገየች ስለምትሄድ ጠዋት ሳትገባ ምዕራብ ላይ ተንጠልጥላ ትገኛለች። ነገ በዚያው ሰዓት ይመልከቱ፣ ከፍ ብላ ነው የሚያገኟት።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ደቂቃ ነው የምትዘገየው? ለምንስ?

በአማካይ 50 ደቂቃ። አንዳንድ ቀን ያንሳል፣ አንዳንድ ቀን ይበልጣል። ጓደኛህን ፒያሳ ቀጥረኸው ስትደርስ በአዘዞ መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ብታጣው ተከትለኸው መሄድህ አይቀርም አይደል? ጨረቃም እንደዚያው ናት። እኛን እየዞረች በቀን 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች፤ ምድር አንድ ዙር ጨርሳ ትናንት ወደነበረችበት ስትመለስ እሷ ቦታ ለቃለች፣ ስለዚህ ምድር እሷን ለመድረስ 50 ደቂቃ ያህል መጨመር አለባት።

ጥያቄ፦ ያለ ስልክና ያለ አፕ መቼ እንደምትወጣ ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል፣ ደግሞም የኛ ሰዓት አቆጣጠር ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው። ጨረቃ ስትወለድ ከፀሐይ ጋር 12 ሰዓት ላይ ወጥታ ከፀሐይ ጋር ትገባለች፣ ስለዚህ አትታይም። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ፀሐይ እንደገባች ምዕራብ ላይ እንደ ማጭድ ቀጥና ትታይና ብዙም ሳትቆይ ትገባለች፤ ረመዳን ሲቃረብ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን የሚጠብቋት ይህችን ነው። በሳምንቷ ግማሽ ትሆናለች፦ ቀን 6 ሰዓት ትወጣለች፣ ሲመሽ አናት ላይ ናት፣ ሌሊት 6 ሰዓት ትገባለች። በሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ሆና ማታ 12 ሰዓት ትወጣለች። በሦስተኛው ደግሞ እንደገና ግማሽ ትሆናለች፣ አሁን ግን የምትወጣው ሌሊት 6 ሰዓት ነው። የቀረውን ቀን 50 ደቂቃ እየደመራችሁ ሙሉት።

ጎንደር ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ጨምሩበት። ተራራ የከበበው ሰፈር ያላችሁ ደግሞ ትንሽ ታገሡ።

እኔ ራሴ ይህን እያወቅሁ ተሸውጃለሁ። አንድ ጊዜ ከአዘዞ ወጣ ያለ ሰፈር ሰርግ ተጠርቼ «በጠፍ ጨረቃ እመለሳለሁ» ብዬ ባትሪ ሳልይዝ ሄድኩ። ሙሉ ከሆነች ስድስት ቀን እንዳለፋት ረስቼዋለሁ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ! ቦይ ውስጥ ገብቼ አዲሱን ሱሪዬን ቀደድኩት። እሷ የወጣችው እኔ ቤቴ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ነው።

ጥያቄ፦ ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ እየሸፈናት ነው አይደል?

አይደለም፣ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። መብራት ሲጠፋ (መቼም እድሉ አይጠፋም) አንድ ሻማ አብሩና ብርቱካን በእጃችሁ ዘርግታችሁ ዙሩ። የብርቱካኑ ግማሽ ሁልጊዜ እንደበራ ነው፤ የሚለዋወጠው ከበራው ስንቱን እንደምታዩ ነው። ጥላችን የሚያርፍባት ግርዶሽ ሲሆን ብቻ ነው፣ ያውም ሙሉ ስትሆን። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ማታ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ቀይ ሆና የቆየችው ያኔ ነው። በየወሩ የማይሆነው መንገዷ ምድር ፀሐይን ከምትዞርበት መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላችን በላይ ወይም በታች ታልፋለች።

ጥያቄ፦ ፋሲካ የሚወጣው በጨረቃ ነው ይባላል። ታዲያ በ2017 የፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ለምን ጨለማ ሆነ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የበዓላት ስሌት፣ ከሙሉ ጨረቃ ቀጥሎ ያለው እሑድ ነው። ስለዚህ እሑዱ እስኪመጣ ጨረቃ መጉደል ጀምራለች። ሌላም ነገር አለ። ስሌቱ የሚሄደው በ19 ዓመት ዑደት ነው፦ በዚያ ውስጥ 235 የጨረቃ ወር ይገባል። ግን ልክ አይገጥምም፤ ልዩነቱ በአንድ ዑደት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢሆንም በ300 ዓመት አካባቢ አንድ ቀን ይሆናል። ዛሬ የስሌቱ ሙሉ ጨረቃ ከሰማዩዋ 4 ወይም 5 ቀን ዘግይቷል። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር፤ ሰማይ ላይ ግን ጨረቃ ሙሉ የሆነችው ሚያዝያ 5 ነው። ስለዚህ የትንሣኤ ሌሊት ግማሽ ሆና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው ብቅ ያለችው።

ጥያቄ፦ ሙሉ ጨረቃ ለምን በወሩ አንድ ቀን ላይ አትጸናም?

የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የጨረቃ ግን 29 ተኩል ገደማ። ዓመቱን ሙሉ ሲደመር 11 ቀን ይጎድላታል። አበቅቴ ሲባል የምትሰሙት ከዚህ ጉድለት ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የፈረንጅ ሥዕል ላይ ጨረቃ ቆማ ትታያለች፣ እኛ ጋ ግን እንደ ጀልባ ተኝታለች።

ዓይንህ ጎበዝ ነው! ጎንደር ከምድር ወገብ ሩቅ አይደለችም፣ 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ናት። ፀሐይም ጨረቃም እዚህ ወደ ቀጥታ ተጠግተው ነው የሚጠልቁት። የበራው ጎኗ ወደ ፀሐይ፣ ማለትም ወደ ታች ስለሚያይ ተኝታ ትታያለች።

ጥያቄ፦ ፋሲል ግቢን ከኋላው ትልቅ ጨረቃ ስትወጣ ፎቶ ማንሳት ፈልጌ ነበር።

ሙሉ ከመሆኗ አንድ ቀን አስቀድመህ ሂድ። ያን ቀን ፀሐይ ሳትገባ 50 ደቂቃ ያህል ቀድማ ስለምትወጣ ግንቡም ብርሃን አለው፣ እሷም ትታያለች። ትልቅ መስላ የምትታይህ ግን የዓይን ማታለል ነው፤ እጅህን ዘርግተህ በትንሿ ጣትህ ጥፍር ሸፍናት፣ አናት ላይ ስትደርስም ያው ናት። ቦታም ቀይር፦ በታኅሣሥ ሙሉ ጨረቃ ከምሥራቅ ወደ ሰሜን አዘንብላ ትወጣለች፣ በሰኔ ወደ ደቡብ። በሰኔ ግን ደመናው ላያሳይህ ይችላል፣ ጃንጥላህን ያዝ።