ካሜራውን ከማስገጠምሽ በፊት እናትሽን ጠይቂያቸው

እህቴ፣ «እናቴ አዲስ አበባ ከሠራተኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ብትወድቅ ማን ያይልኛል? ሳልነግራት ሳሎን ካሜራ ባስገጥም ነውር ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ጥያቄሽ አንጀቴን በላው። እኔም ሜሪላንድ ሆኜ በዚሁ ጭንቀት አልፌአለሁና የሆነውን ልንገርሽ።

ከአራት ዓመት በፊት እማዬ ሌሊት መታጠቢያ ቤት ደጃፍ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወንድሜ ለፋሲካ ሲሄድ ሳሎን ውስጥ ካሜራ ሰቀለ። «ለሌባ ነው» አልናት። ይሄ ውሸት እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። በሰመር እዚህ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚያ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ከመተኛቴ በፊት ስልኬን ከፍቼ ዳዊቷን ስትደግም አያታለሁ። አንድ ቀን እህቴ በስልክ «ትናንት ቡና ላይ ስንት ሰው ነው የመጣብሽ!» አለቻት። እማዬ ዝም አለች። ገባት። ከዚያ በኋላ ዳዊቷን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። ጎረቤቶቿም ሲሰሙ እግራቸውን ሰበሰቡ። ካሜራ ፊት ገመናውን የሚያወራ ማን አለ? ከመውደቅ እንጠብቃት ብለን ሰው አሳጣናት።

የበለጠ የሚጸጽተኝ ግን የምታግዛት ልጅ ነገር ነው። ሳሎን ፍራሽ አንጥፋ ነበር የምትተኛው። ልብሷን የምትቀይረውም እዚያው ነው። እሷን ማንም አልጠየቃትም። ስለዚህ አንቺ የምትጠይቂው ሁለት ሰው ነው።

ለገና ስሄድ ቁጭ ብዬ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት። «ብትነግሪኝ እኮ እምቢ አልልም ነበር፣ ልጄ» አለችኝ። የሳሎኑ ካሜራ የዚያኑ ቀን ወረደ። እሷ የመረጠችው የውጭ በር ላይ ካሜራ፣ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ምስል የማያነሳ፣ እንቅስቃሴ ብቻ የሚለይ ሴንሰር ነው። እስከ ጠዋት 3 ሰዓት የተንቀሳቀሰ ሰው ከሌለ ለእኔና ለወንድሜ መልእክት ይልካል። ሌሊት ስንቴ እንደተነሳች የሚመዘግበውን ግን አስጠፋችው። ልክ ናት፤ ይሄ የራሷ ጉዳይ ነው።

ደግሞ ስሚኝ፣ ካሜራ መውደቃቸውን ያሳይሻል እንጂ አይዛቸውም። እማዬን ከሁሉም የጠቀማት ሰው ሲያልፍ በራሱ የሚበራ ትንሽ መብራትና መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ያስመታነው መያዣ ብረት ነው።

እናትሽ የመርሳት ሕመም ካለባቸው ነገሩ ይከብዳል። ያኔም ቢሆን ጥሩ በሚሆኑበት ሰዓት ጠይቂያቸው፣ ደጋግመሽ። ፊታቸው ከከፋው ተይው።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ እንደሚጠፋ አትርሺ። አንድ ሌሊት ሁሉም ነገር ዝም ሲልብኝ ልቤ ሊቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁልፍ ጎረቤታችን ጋ ይቀመጣል። ስደውልላቸው ነጠላቸውን ጣል አድርገው ይሄዳሉ፤ እማዬም እሳቸው ሲመጡ ደስ ይላታል።